ዘጠኝ ሰዓት ያልኩት ባትሪ

ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር አላምንም። ክብሪቱ አርባ እንጨት አለው ከተባለ አንዱን ሳጥን ከፍቼ እቆጥራለሁ፤ ሳሙናው ሁለት መቶ ግራም ነው ከተባለ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ይህን ጠባዬን ብልህነት ይለዋል። እኔ ግን ራሴን አውቃለሁ፤ ፍርሃት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ሁሉ መሀል መንገድ ላይ የሚከዳኝ ይመስለኛል። አውቶብስ ከመሳፈሬ በፊት ዞሬ ጎማውን አያለሁ፤ ድልድይ ላይ ከፊቴ ያለው ሰው እስኪሻገር ቆሜ እጠብቃለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የተረተው ሰው አንቺን አይቶ መሆን አለበት» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ወላጆቼ ከወላይታ በኩል ለጉልበት ሥራ መጥተው ጂንካ የቀሩ ናቸው። ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ገበያው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ፤ እሱ ሲደክመው ለእኔ ተወልኝ። ጨው፣ ሳሙና፣ ምላጭ፣ የፕላስቲክ ጫማ እሸጣለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ባትሪ እሸጣለሁ። በዚያ ዘመን የከተማው መብራት ከጄኔሬተር ነበር የሚመጣው፤ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ከከተማው ወጣ ካሉ ደግሞ ብርሃን ማለት ወይ ጨረቃ ወይ የእጅ ባትሪ ነው። ቅዳሜ ከተራራው ለገበያ የሚወርደው ገበሬ ከጨው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ የባትሪ ድንጋይ ነው።

ድንጋይ ደግሞ ሲደክም ወዲያው አይጣልም። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ወፍጮ ቤት ዘበኛ አንድ የአሪ ሽማግሌ ነበሩ። የደከመ ድንጋያቸውን ጠዋት ቆርቆሮው ላይ በተራ ደርድረው ፀሐይ ያሞቁታል፤ አመሻሽ ላይ አውርደው ባትሪያቸው ውስጥ ይከቱታል። አንድ ቀን «አባባ፣ እውነት ይነሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይነሳል» አሉኝ። «ግን እንደ እኔ ነው። ተነስቶ ሩቅ አይሄድም።»

ፊደል አልቆጠሩም። እንደ እሳቸው ባትሪ የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ኋላ ትንንሾቹ ባትሪዎች መጡ። ሌባ ጣት የሚያህሉ፣ አምፖል የሌላቸው፣ ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የሚጎርሱ፣ ብርሃናቸው እንደ ወተት የነጣ። እሽጋቸው ላይ ከማላነበው ጽሑፍ መሀል ሠላሳ የሚል ቁጥር ነበረ። አርባ ምንጭ ያለው አከፋፋይ «ሠላሳ ሰዓት ሳያቋርጥ ይበራል» ብሎ በልጆቹ ማለልኝ። በልጆቹ ባይምል ኖሮ ምናልባት አምነው ነበር። ስለ ባትሪ ብሎ ልጆቹን ከጠራ ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩ።

መሞከር የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሱቁ ጀርባ በቆሎና ጨው የማስቀምጥባት መስኮት የሌላት ክፍል አለችኝ። በሯን ከዘጉት እኩለ ቀን ላይ እንኳ እጅን ማየት አይቻልም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ባትሪውን አበራና የጨው ጆንያ ላይ አጋድመዋለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ደንበኛ ሳይበዛ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ አየዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ጭረት እጭራለሁ። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ወጥቶ ስለነበር ምን እያደረግሽ ነው የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ገና በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ባትሪዎች እንደ ድሮዎቹ ቀልተው ቀልተው ድርግም አይሉም። ይደክማሉ እንጂ አይሞቱም። ሁለት ቀን ሙሉ ጫፋቸው ላይ የምታበራ ነጥብ ትቀራለች። አከፋፋዩ ሠላሳ ሰዓት ያለው እሷን ቆጥሮ መሆን አለበት። ነገር ግን መብራትና ማሳየት ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ባትሪው የሚሠራው መጽሐፍ እስካስነበበኝ ድረስ ነው፣ ማንበብ ያቃተኝ ሰዓት ሞቷል።

መጽሐፍ ያልኩት በልጅነቴ ከሰንበት ትምህርት ቤት የተሸለምኩትን ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ነጭ በግ ሣር መሀል ቆማለች። ውስጡ የጠፋች በግ ታሪክ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ደቃቅነቱ ለፈተና ይመቻል ብዬ ነው የመረጥኩት። ባትሪው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ያገኘሁትን ሰዓት በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። ገበያተኛው ወደደው። «እሷ ያለችው ሰዓት አይዛነፍም» ተባለልኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ እኔም ምስጋናው ሲበዛ እንደ መንግሥት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ሌላም ስም ወጣልኝ። ጎረቤቶቼ ከተዘጋው ክፍል ድምፄን ይሰማሉ፤ ሳነብ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። በሳምንት ሁለት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እየገባች በሯን ዘግታ የምታነበንብ ሴት በእኛ ሰፈር ምን ልትባል ትችላለች? የጸሎት ሴት ተባልኩ። ጎኔ ያለችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ መጥታ «ስትገቢ እኔንም አስቢኝ፤ ልጄ ፈተና ላይ ናት» አለችኝ። ባትሪ ነው የማየው ማለት አፈርኩና «እሺ» አልኩ። ውሸቴን ለማስተካከል ብዬ በዚያን ቀን በሁለት ጭረት መሀል ለልጇ ጸለይኩላት።

ታናሽ እህቴ የመጣችው ይህ ሁሉ ስም ከወጣልኝ በኋላ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከካንጋተን ወዲያ ኦሞ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበር። ለስብሰባ ጂንካ መጥታ ሐሙስ ንጋት ልትመለስ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሱቅ ገብታ ባንኮኒው ላይ ተደገፈችና «እትዬ፣ ባትሪ ስጪኝ» አለች።

«የትኛውን? ቀዩን ነው ሰማያዊውን?»

«ቀለሙ ምን ያደርግልኛል? መሀል ላይ የማይከዳኝ ስጪኝ።»

ከዚያ ነገረችኝ። የጣቢያው ሶላር ከተበላሸ ወራት ሆኖታል። ደብዳቤ ጽፈዋል፤ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ተብለዋል። እናቶቹ ከሩቅ በእግር ነው የሚመጡት፣ ምጥ ደግሞ ቀን ጠብቆ አይመጣም። ባለፈው የያዘችው ባትሪ ሕፃኑ ሲወጣ ጠፍቶባት በጥርሷ ስልኳን ነክሳ ነበር የጨረሰችው። ሕፃኑን በእጅ መቀበል ይቻላል አለችኝ። የማይቻለው ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት ነው። ደም ይበዛል አይበዛም፣ ከየት ነው የሚመጣው፣ እሱን ካላዩት እናቲቱ ዝም ብላ ትሄዳለች።

«ስንት ሰዓት ቢቆይልሽ ይበቃሻል?» አልኳት።

«እኔ ብዙ ሰዓት አልፈልግም፤ እውነተኛውን ቁጥር ነው የምፈልገው። አራት ከሆነ አራት በዪኝ፤ እየቆጠብኩ አበራዋለሁ፣ ትርፍ ድንጋይ ከጎኔ አስቀምጣለሁ። ውሸት ቁጥር ብቻ አትስጪኝ።»

ለገበሬው ስሸጥ ቁጥሩ ቢሳሳትም መንገድ ላይ ይደናቀፍ ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይመጣም። አሁን ግን እኔ የምጽፈው ቁጥር ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ልትተኛ ነው። ያን ምሽት አልጋዬ ላይ እየተገላበጥኩ ከካርቶኑ የትኛውን እንደማወጣ፣ የትኛውን ድንጋይ እንደምጠቀም ስቆጥር አደርኩ።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ አበራሁ። ቀኑ ደግሞ አልሳካ አለኝ፤ ደንበኛ በደንበኛ ላይ ይመጣል። ገብቼ አንድ ገጽ አንብቤ ሳልጨርስ «ባለሱቅ!» ይሉኛል። እሮጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እሮጣለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ሰባት ሰዓት ላይ ልቤ «ይሄ ነገር ደክሟል» አለኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድም ሳልደናቀፍ ወረድኩ። ታዲያ ማንበብ ከቻልኩ ምን አለ? ጭረቴን ጫርኩ። በስምንትም አነበብኩ፣ በዘጠኝም፣ በአሥርም። እንዲያውም እየቆየሁ በሄድኩ ቁጥር ፈጥኜ ነበር የማነበው፣ ይህም ደስ አሰኘኝ። እህቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተጭሮ ነበር።

ከዚያው ካርቶን አዲሱን አውጥቼ አዲስ ድንጋይ ከትቼ፣ ፕላስተር ለጥፌ «9 ሰዓት፣ ተፈትኗል» ብዬ ጻፍኩበት። መለዋወጫም ስድስት ድንጋይ ጨመርኩላት። ፕላስተሩን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ አቀፈችኝ። «አንቺ ካልሽ ነው» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እኔ ሌላ ፈተና ላይ ነበርኩ። በርቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላው ያቆምኩት እህቴ ስለመጣች እንጂ ባትሪው ስላለቀ አልነበረም፤ የት ድረስ እንደሚሄድ ማወቅ ፈለግሁ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ክፍሏ ውስጥ ቆሜ እያነበብኩ ሳለ በሩ ተገፋ። የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጨው ሊገዙ መጥተው ባንኮኒው ላይ ሰው ሲያጡ ድምፄን ተከትለው ነው የገቡት።

«ልጄ፣ ማንን ነው የምታናግሪ?»

«እያነበብኩ ነው አባባ። ባትሪ እየፈተንኩ ነው።»

ነገሩ የገረማቸው መሰለኝ። ገቡና ከኋላቸው በሩን ዘጉት። ሁለታችንም ጨለማው ውስጥ ቆምን። ቀጠልኩ፤ እረኛው ተራራውን ሲወጣ፣ ሲጣራ፣ ድንጋይ ሥር ሲያይ። ሽማግሌው ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ባትሪው የታለ?» አሉ ቆይተው።

«ያው፤ ጆንያው ላይ። እየበራ አይደል?»

«አየሁ። እሱ የሚያሳየው ራሱን ነው እንጂ እኔን አላሳየኝም። አንቺንም አላየሁ። አንቺ በምን አየሽ?»

በሩን በረገዱት፤ የቀኑ ብርሃን ገብቶ ዓይኔን ወጋኝ። እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ ጎንበስ ብለው አዩና «ይቺ በግ ምን ነካት? እግሯ ወደ ሰማይ ነው» አሉ።

አየሁ። በጓ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ሣሩ ከላይ ነው፣ ሰማዩ ከታች። መጽሐፉን ገልብጬ ይዤ፣ አንድ ፊደል ሳላይ፣ እየጮህኩ ሳነብ ነበር።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር ተራ በተራ የመጣልኝ። ልጆች ሳለን እናትና አባታችን ሥራ ውለው ሲያመሹ እህቴን የማስተኛት እኔ ነበርኩ። ጨለማ ትፈራለች። ኩራዙን አብርቼ ይህንኑ መጽሐፍ አነብላታለሁ። ላምባው ሲያልቅ ኩራዙ ይጠፋል፤ እሷ ማልቀስ ከመጀመሯ በፊት እኔ እቀጥላለሁ። ገጽ የምገልጥ ለማስመሰል ወረቀቱን አንኮሻኩሻለሁ። በቃሌ የያዝኩት ያኔ ነው። ሠላሳ ዓመት አፌ ላይ ያለ ነገር ብርሃን ኖረም አልኖረም ይወርዳል። እኔ ባትሪ ስፈትን ኖሬ ለካ የፈተንኩት የራሴን ትዝታ ነው።

የጨው ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ያመመኝ መስሏቸው ውሃ ሊያመጡ ዞሩ። «አባባ፣ ውሃ ይቅር፤ ሱቁን ይዩልኝ» ብያቸው ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ታች፣ እህቴ ያለችበት ኦሞ ዳር፣ በዚያ ጊዜ ኔትወርክ አልደረሰም። ወደ ካንጋተን የሚደውልልኝ አንድ ሰው ለመንኩ፤ መስመሩ አልያዘም። ንጋት ላይ በቆሎ ጭኖ ወደዚያ የሚወርድ የጭነት መኪና አገኘሁ። ለሾፌሩ ሃያ አራት ድንጋይ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ደብዳቤም ጻፍኩ፦ «ዘጠኝ አይደለም። ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅም። አራት በዪው። ከአራትም ቀንሺ።» ሾፌሩ ጥቅሉን ሚዛን ላይ እንዳለ ዕቃ እጁ ላይ አነሳ አወረደውና «ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው? ድንጋይ እኮ ነው» አለኝ። ልሰድበው ነበር። ግን ጥቅሉ እሱ እጅ ላይ ስለሆነ «እባክህ ወንድሜ፣ በእጇ ስጥልኝ» ብቻ አልኩት።

በማግስቱ ፈተናውን እንደገና ጀመርኩ፣ አሁን ግን ሽማግሌውን አስቀምጬ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ሊያጭበረብሩ አይችሉም። ሰፌድ ላይ በቆሎ ሰጠኋቸው፤ ነቀዝ የበላውን ከደህናው እየለዩ ይለቅማሉ። መልቀም ሲያቅታቸው ይጠሩኛል። የጠሩኝ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። «በቃ፤ አሁን ሁሉም ደህና ነው የሚመስለው» አሉ። አራት ሰዓት ተኩል! እኔ ግማሹን ጨለማ ብርሃን ብዬ ነው የሸጥኩላት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። ጂንካ ላይ ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ እኔ የማስበው ግን ቱርሚ አጠገብ ያሉትን የአሸዋ ወንዞች ነው። ደረቅ ሲሆኑ ፍየል ይተኛባቸዋል፤ ላይ ዘንቦ ሲሞሉ የጭነት መኪና ይዘው ይሄዳሉ። ሐሙስ ማታ ከዲመካ የመጣ አንድ ነጋዴ «መኪኖች ወንዙ ዳር ተደርድረው ቆመዋል» አለ። «የበቆሎ ጭነት አለ?» አልኩት። «ሁሉም አለ» አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ቆመ፤ ሰው ባትሪ ሲጠይቀኝ አልሸጥም አልኩ። ፕላስተር የለጠፍኩባቸውን ሁሉ እየላጥኩ ካርቶን ውስጥ ወረወርኩ። አንድ ገበሬ ባለፈው የገዛውን አውጥቶ «ያንቺ ቁጥር እኮ ትንሽ ይበዛል» አለኝ እየሳቀ። ያውቅ ነበር። ሁሉም ያውቁ ኖሮ ይሆናል፤ ለእነሱ ግን ቁጥሩ ከካርቶኑ ይሻል ስለነበር ዝም አሉኝ። ይህን ሳስብ የባሰ አዘንኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጠጋ ብላ «ልጄ አለፈች፤ ያንቺ ጸሎት ነው» አለችኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደነገጠች። «እኔ የጸሎት ሴት አይደለሁም። ባትሪ ነበር የምፈትነው፤ እሱንም በትክክል አልፈተንኩም። ዛሬ አንቺ ለእህቴ ጸልዪላት» አልኳት። ቤቷ አስገባችኝና አብረን ተንበረከክን።

እህቴ ማክሰኞ መጣች። ሱቅ ውስጥ ሳለሁ በሩን የሸፈነ ሰው አየሁና ቀና ስል እሷ ናት። ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፤ የቀሚሷ ጫፍ ላይ የታጠበ ግን ያልለቀቀ ደም ነበረ።

«ከሆስፒታል ነው የመጣሁት» አለች። «አንዲት እናት ይዤ ነው።»

«ትተርፋለች?»

«ትተርፋለች ብለውኛል። ሕፃኑም ደህና ነው።»

ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት፤ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ነገረችኝ። ባትሪውን ሕፃኑ ከመወለዱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀድማ አብርታዋለች። ዘጠኝ አለኝ ብላ ነው፤ ሦስት ይተርፈኛል ብላ። ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊት ብርሃኑ ራሱን ብቻ የሚያሳይ ሆነ፤ ስልኳም በዚያ ሌሊት ቻርጅ አልነበረውም። ሕፃኑን በእጇ ተቀበለች፣ እትብቱን በእጇ ዳብሳ ቆረጠች። ደሙን ግን አላየችውም። ያወቀችው ሙቀቱ ጫማዋ ውስጥ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሁለት እጇን ከሴትየዋ ሆድ አላነሳችም።

«ስድስቱ ድንጋይስ?» አልኩ።

«ለጣቢያው ዘበኛ ሰጠሁት። ሬዲዮኑ ዝም ብሎበት ነበር፤ ያ ሌሊት ሲመጣ ሁሉንም ጨርሶታል። ዘጠኝ ሰዓት ላለው ባትሪ መለዋወጫ ምን ያደርጋል ብዬ።»

ያን ሃያ አራት ድንጋይ የያዘው መኪና የደረሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሾፌሩ ጥቅሉን በእጇ ሰጣት፤ እሷም ደብዳቤዬን ቆማ አነበበችና ሴትየዋን ጭነቱ የወረደለት መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፋ አስጫነቻት። በወንዙ ምክንያት ባይዘገይ ኖሮ ድንጋዩ በጊዜ ይደርስ ነበር፤ በጊዜ ደርሶ ቢመለስ ደግሞ ሴትየዋን የሚያመጣት መኪና አይኖርም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ወዲያና ወዲህ አዞረዋለሁ፣ አንድም ጊዜ ግን አላጽናናኝም።

«ውሸት ቁጥር አትስጪኝ ብዬሽ ነበር» አለች እህቴ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አልዋሸሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አነበብኩ።»

«ምን?»

ከባንኮኒው ሥር መጽሐፉን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። በጓን አየች። ከንፈሯ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልታወቀኝም።

«ኩራዙ ሲጠፋ የምታነቢልኝን?» አለች።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«መጥፋቱን አውቃለሁ። አንቺ ግን ጨለማ ውስጥ ታያለሽ ብዬ ነበር የማምነው። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ፣ እህቴ በጨለማ ታያለች እያልኩ ለልጆች እነግር ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን። ፊቷን ታጠበች፣ ያስቀመጥኩላትን በላች፣ ወደ ሆስፒታል ልትመለስ ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፏ፣ ከላይ እስከ ታች ስም ተጽፎበታል። በሚቀጥሉት ወራት የሚወልዱ እናቶች ናቸው። ስማቸው ከእኛ ቋንቋ ውጭ ነው፤ ምላሴ አንዱንም ለምዶት አያውቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ የማታውቂውን አንብቢ» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ አለፈ። አሁን ጂንካ መብራት አላት፤ ሲጠፋም ሰው ሁሉ ስልኩን ያበራል። ሽማግሌው አርፈዋል። እህቴ ግን አሁንም ታች ናት፤ ባትሪም አሁንም ከእኔ ነው የምትወስደው። የስም ዝርዝሩን አፌ ሲለምደው አዲስ ትልክልኛለች። ፈተናዬን ያቺው መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ እፈትናለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ እገባለሁ፣ ወረቀቱን ቀጥ አድርጌ መያዜን ሁለቴ አያለሁ፣ አንድ በአንድ እየተደናቀፍኩ አነባለሁ። መደናቀፌ ደስ ይለኛል፤ ዓይኔ እየሠራ ነው ማለት ነው።

እህቴ አዲስ ዝርዝር በላከችልኝ ቁጥር ከላይ የምትጽፈው ግን ያው አንድ ስም ነው፣ የዚያች የደማችው ሴት ስም። ለምን እንደምትጽፈው ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም። ፈተናውን የምጀምረው ከሁለተኛው ስም ነው። የመጀመሪያውን በቃሌ አውቀዋለሁ።